ጋሽ ደምሴ ያልማለው መሐላ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው እንጂ እኔ ይህን ወሬ ከራሴ ተነስቼ አላመጣውም ነበር።

ባለፈው እሑድ ምስር እየለቀምኩ ተቀምጫለሁ። የልጄ ልጆች፣ ወንዱና ሴቷ፣ ሶፋው ላይ ተጋድመው አንድ ስልክ ለሁለት ያያሉ። የአሜሪካ ኳስ ነው አሉኝ። ኳስ ይሉታል እንጂ እንደ እንቁላል የሞለለ ነገር ነው፤ በእግር በመምታት ፈንታ ታቅፈውት ይሮጣሉ። ሰዎቹ እንደ በር የሰፉ ናቸው፤ ሲጋጩ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንደኛው ቡድን እንዲመቸው ብሎ ከኳሱ አየር ቀንሷል ተብሎ ተከስሶ ነበር አሉ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ደጋፊው ግን ዛሬም በስልክ ይዘላለፋል።

"ሌቦች ናቸው፤ አለቀ" ይላል ወንዱ።

"ማን አየ? ብርድ ነው ያለሰለሳት" ትላለች እህቱ።

"ብርዱ መርጦ የነሱን ኳስ ብቻ ነው የሚመታው?"

"አንተ ስላሸነፉህ ነው የምትናደደው።"

"እኔን ደግሞ የት አግኝተው ያሸንፉኛል፣ ጀለሴ?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ምስሩን ተውኩት። "ልጆቼ፣ በዚህ ነገር የሰው እጅ ሲሰበር አይቻለሁ" አልኳቸው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ስልኩን አስቀመጡት።

"የማን እጅ?"

"የጋሽ ደምሴ።"

ጋሽ ደምሴን አያውቁትም። እሱ ሲሞት እነሱ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ከወንበር ወንበር የሚዘሉ ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ከሆነ ንገሪን አሉኝ፤ ብነግራቸውም አልበቃቸውም፣ ጻፊው አሉ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ያውም ልጅ አዝዬ። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ጋሽ ደምሴ ጎሚስታ ነበር። አብነት ሰፈር፣ የግቢያችን በር ላይ፣ ጎማ የሚጠግንባትና የሚነፋባት የቆርቆሮ ቤት ነበረችው። የመኖሪያ ቤቱ ደግሞ ከኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። አጭር ነው፣ አንገቱ እንደ በሬ። ሲቆጣ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ይነሳል፤ ያኔ ልጅ ያለው ልጁን ይሰበስባል።

ቁጡ ነበር ስል ዝም ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ የታክሲ ሹፌር "ግማሽ አየር ሰጥተህ ሸኘኸኝ፤ ሌባ" አለው። ጋሽ ደምሴ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ መታው። ሹፌሩ አፉን ይዞ ተቀመጠ፤ ጣቶቹ መሃል ደም ሲወርድ ጥርሱም አብሮ ወጣ። እኔ ዶሮ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያርድልኝ፣ ደም ማየት አልችልም፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ገለጥ ሳደርግ ጋሽ ደምሴ ያንኑ ሹፌር በጀርባው አዝሎ ወደ ክሊኒክ እየሮጠ ነበር።

በኋላ "ምነው ወንድሜ፣ ለአየር ብለህ?" አልኩት።

"እህቴ ጥሩ፣ አየር አይታይም" አለኝ፤ ጥሩ እኔ ነኝ። "ሥጋ የሚሸጥ ሥጋውን ያሳያል። ጨርቅ የሚሸጥ ጨርቁን ይዘረጋል። የማይታይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያለው ስሙ ብቻ ነው። ስሜን ከወሰደው ምን ይዤ ልቀመጥ?"

ይህን ነገር ሁልጊዜ ይለዋል። እኔም የሰው ስም ሲነሳ እሱን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣ። ያን ጊዜ በየክረምቱ የሰፈር ዋንጫ ነበር። የአብነት ልጆች ቡድን ነበልባል ይባላል፤ በተክለ ሃይማኖት በኩል ያሉት ደግሞ መብረቅ። ስማቸውን ስትሰሙ ጸባቸው ይገባችኋል። አንዱ የሌላውን ኳስ አያምንም፤ "ከበደ"፣ "ላላ"፣ "ሰፍታችሁበታል" እየተባባሉ ገና ፊሽካ ሳይነፋ ይደባደባሉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የዋንጫው ኳስ ጋሽ ደምሴ ቤት በአደራ እንዲያድር ወሰኑ። እሱ የአብነት ሰው ሆኖ ሳለ መብረቆች እንዴት አመኑት ብትሉ፣ የኛንም ልጆች ስለሚመታ ነው። "ደምሴ ለማንም አያዳላም፤ ሁሉንም ይመታል" ይባል ነበር።

ኳሱን ሲነፋ ማየት ደስ ይላል። እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይነፋዋል። ከዚያ ጉንጩ ላይ ያስደግፈዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ያዳምጣል። በመጨረሻ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ አየር የገባበትን ቀዳዳ ይቀባል፤ ምራቁ አረፋ ካልሠራ ጨርሷል ማለት ነው። "በል፣ እደር" ይለዋል ኳሱን።

ሚስቱ አስካለ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበረች። ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ልጅ ያልወለደች፤ የነበልባልን ተጫዋቾች በሙሉ "ልጆቼ" ነው የምትላቸው። ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ሜዳ ዳር ትቆማለች፤ የመስመር ዳኛ በአጠገቧ ሲያልፍ ጃንጥላውን ያያል እንጂ ኳሱን አያይም። በዋንጫው ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ደጃፍ ቆሞ ሳለ፣ ባሏን እንዲህ አለችው፦

"ለዚያ ለመብረቁ መቺ፣ ለክፍሌ ወንድም ልጅ፣ ኳሱን እንደ ሊጥ አለስልስለት እንጂ። እግሩ ገብቶ ይቅር።"

ሰው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ አልሳቀም። "አስካለ፣ በአደራ አይቀለድም" አላት። እሷም "እሺ ጌታዬ" ብላ ጃንጥላዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ገባች፤ ሰው እንደገና ሳቀ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ ነው የዋለው። ጨዋታው አንድ ለአንድ ሳለ በረዶ ወረደ፤ ሜዳው ነጭ ሆነ፤ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገባ፤ እኔ የምሸጠውን ቆሎ በላስቲክ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። ሊያልቅ ሲል መብረቆች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። የሚመታው ሳሙኤል ነው፤ የአቶ ክፍሌ የወንድም ልጅ። አቶ ክፍሌ ተክለ ሃይማኖት ጋ ሥጋ ቤት ያለው፣ ለመብረቅ ማልያ የሚገዛ ትልቅ ሰው ነበር። ሳሙኤል እግሩ ከባድ ነው፤ ሲመታ ኳሱ ይጮሃል ይሉት ነበር። ያን ዕለት አልጮኸም። እርጥብ ብርድ ልብስ የመቱት ያህል ድም አለና እየተጎተተ ሄዶ በረኛው እቅፍ ውስጥ አረፈ።

ሳሙኤል ሮጦ ኳሱን ነጠቀ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ወደ ውስጥ ገባ።

አቶ ክፍሌ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ኳሱን ወደ ሕዝቡ ከፍ አደረገው። "ይህ የት ነው ያደረው? ንገሩኝ፣ ይህ ኳስ የት ነው ያደረው?" ከዚያ ከወገቡ ካራ መዘዘና ወጋው፤ ኳሱ ፉሽ ብሎ እጁ ላይ ተጨማደደ። በንዴት ነው ያደረገው። ግን እዩት፤ ከዚያ ወዲያ ኳሱ በምን እንደለሰለሰ መርምሮ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ተበዳይ ነኝ ያለው ሰው ራሱ ማስረጃውን አረደው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልጆች ባይሰሙት ደስ ይለኝ ነበር። የጎሉን እንጨት ነቅለው ተማቱበት። አንድ የኛ ልጅ መንጋጋው ወደ ጎን ሄዶ አፉን መዝጋት አቅቶት እየዞረ ያለቅሳል። በረኛው ጆሮው ተተርትሮ ነጠላዬን ሰጠሁት፤ ነጠላው ዓይኔ እያየ ቀላ። ድንጋይ እንደ በረዶው ነው የወረደው፤ የትኛው የሰማይ የትኛው የሰው እንደሆነ አይለይም። በረዶ ላይ ደም ሲወድቅ ሮዝ እንደሚሆን ያኔ ነው ያወቅሁት። ጋሽ ደምሴን ሦስት ሰው ይዞታል፤ አንዱን በግንባሩ አፍንጫውን ሰበረው፣ ሁለተኛውን ትከሻው ላይ ነከሰው። አስካለ በጃንጥላዋ ብረት አንዱን ጎረምሳ ዓይኑ አጠገብ ስትወጋው አይቻለሁ፤ ለጥቂት ዳነ። ፖሊስ ሲደርስ ሜዳው ላይ የቀረው ነጠላ ጫማና ጥርስ ነበር።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። እንዲያው የክርክሩን ብዛት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ አንዱ ግማሽ ፂሙን ሳይላጭ ተነስቶ ተማቷል። ልደታ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች እንኳ ባለጉዳይ አቁመው ይከራከራሉ፤ እኔ እዚያ ቆሎ ስሸጥ እሰማቸዋለሁ።

"ኳሱ ለሁለቱም ቡድን ያው ኳስ ነው። ከለሰለሰ ለሁለቱም ለሰለሰ" ይላል አንዱ።

"የነበልባል ልጆች በአጭር ነው የሚቀባበሉት፤ የለሰለሰ ይመቻቸዋል። መብረቅ ከሩቅ ነው የሚመታው" ይላል ሌላው።

"ታዲያ ከዕረፍት በፊት ለምን አልታወቀም?"

"ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ አድርጎታላ። ጎሚስታ መሆኑን ረሳኸው?"

"አንተ፣ ያ ሰውዬ ለአንድ መንፊያ አየር ጥርስ ያወለቀ ሰው ነው።"

"ሌባ እኮ ነው ሌባ ሲሉት የሚያመው።"

ባለጉዳዩ መሃል ቆሞ "የኔ ማመልከቻስ?" ይላል፤ የሚሰማው የለም።

ነገሩ እየከፋ ሄደ። የጋሽ ደምሴን የቆርቆሮ ቤት በድንጋይ ቀጠቀጡት፤ የኛ ልጆች ደግሞ ሄደው የአቶ ክፍሌን መስታወት ሰበሩ። በጩቤ የተወጋም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰው ሳይሞት እንቋጨው አሉና መሐላ ወሰኑ። ጋሽ ደምሴ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ይምላል፤ ከማለ መብረቆች ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ስሙም ይመለሳል። ካልማለ ይታወቃል። ካህናቱ ከቅጥሩ ውስጥ አይሆንም ስላሉ ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ፣ አጥሩ ሥር ተሰበሰበ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ ነበር፤ ነጭ ጋቢ ለብሷል።

"ደምሴ" አለ መቶ አለቃው፣ "እንዲህ ብለህ ማል። እኔም፣ ባለቤቴም፣ በቤቴ ያለ ማንም ሰው ኳሱን በክፉ አልነካንም በል። ልደታ ትፍረድብኝ በል።"

ጋሽ ደምሴ እጁን አንስቶ ነበር። አወረደው።

"ለራሴ እምላለሁ" አለ።

"ለቤትህም ነው እንጂ። አደራው ያደረው ቤትህ ነው።"

"ለራሴ ነው የምምለው፣ ጌታዬ። በሌላ ሰው ነፍስ አልምልም።"

"ሚስትህ ሌላ ሰው ናት?"

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ክፍሌ "እንግዲያው እሷ ራሷ ትማል" አለ። አስካለ ወደ ፊት ልትወጣ እግሯን ስታነሳ ጋሽ ደምሴ ክንዷን ይዞ ወደ ኋላው መለሳት።

"እሷን እዚህ አታቆሟትም" አለ። "አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በኔ ይሁን። ደምሴ ነው ያበላሸው በሉ።"

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ከፊት የሰማው ለኋላው ነገረ፤ እንደ እሳት ዞረ። መቶ አለቃው ጋቢውን ሰብስቦ መሬት መሬት አየ። አስካለ ደግሞ ባሏን አየችው። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም።

ከመብረቅ በኩል አራት ሆነው መጡበት። ያ ሹፌር ያዘለ፣ ሰው የነከሰ ጋሽ ደምሴ አልተከላከለም። ቀኝ እጁን ጎትተው የአጥሩ መሠረት ድንጋይ ላይ ዘረጉት፤ አንደኛው ከመንገዱ ኮብልስቶን ነቅሎ ደጋግሞ መታው። ድምፁ ሸንኮራ እንደሚሰበር ነው። እኔ ጮህኩ፤ እሱ አልጮኸም። አስካለ ጃንጥላዋን ጥላ በባዶ እጇ ገባች፤ የመቺውን ፊት ከዓይኑ እስከ አገጩ በጥፍሯ ላጠችው፣ ፀጉሯን ይዘው ሲጎትቷት እንኳ አልለቀቀችውም። ራሱ አቶ ክፍሌ ነው በመጨረሻ "በቃ፣ በቃ" ብሎ የገላገለው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

እጁ አልዳነም። ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ፤ እንኳን ጎማ ሊያላቅቅ ጉርሻም መያዝ አቃተው። በግራ እጁ እየሠራ ጥቂት ጊዜ ገፋ። ኳስ በአደራ የሚያሳድርበት ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ልጆች ሲያልፉ "አየር ሌባ" ብለው ይሮጣሉ። እኔ ሥሩ ሲነሳ ለማየት ግንባሩን አያለሁ፤ አይነሳም። ጨርቁን ያጥፋል፣ ያስቀምጣል።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ጸበኛ የነበሩት ባልና ሚስት ተዋደዱ። ድሮ በግድግዳው በኩል ጩኸታቸው ነበር የሚቀሰቅሰኝ። አሁን ታጎርሰዋለች፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች፤ እሱም "አንቺ አረፍ በይ" ይላታል፣ እንደ ሙሽራ። ባሌ ከሞተ ቆይቶ ስለነበር እውነት ለመናገር ይናፍቀኝ ነበር፣ ያ የሁለቱ ዝምታ።

ልቡን ታሞ የተኛ ጊዜ አስካለ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ እኔ አጠገቡ ቆየሁ። ያኔ ነገረኝ።

"እህቴ ጥሩ፣ ይህን በአደራ ነው የምነግርሽ። በዋንጫው ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ኳሱ መደቡ ላይ ካስቀመጥኩበት የለም። ሳጥኑ ላይ ነው፤ ያውም ተወልውሎ፣ የሰው ዱካ እንደሚጠረግ። ቤት ውስጥ ከሷ ሌላ ማን ነበር? ስጫነው ደህና መሰለኝና ሰጠኋቸው። ሜዳ ላይ ሲለሰልስ ግን እሷ አንድ ነገር እንዳደረገችው ገባኝ። እንዴት በሷ ነፍስ ልማል?"

"ለምን አልጠየቅሃትም?"

"ብጠይቃት ትነግረኛለች። ከነገረችኝ አውቃለሁ። ካወቅሁ ወይ እዋሻለሁ ወይ አሳልፌ እሰጣታለሁ። ሳልጠይቃት እጄን ሰጠሁ።" ከዚያ የተጣመመውን እጁን በግራው እያሻሸ "አልቆጭም" አለ። "ልጅ የላትም። ለነዚያ ልጆች ብላ ነው።"

ብዙ ሳይቆይ ሞተ። አቶ ክፍሌ ለቅሶው ላይ መጥቶ ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ግባ ያለው የለም።

እኔ አደራዬን ጠበቅሁ። ለአስካለ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ትንሽ እቀየማት ነበር፤ ለኳስ ብላ የባሏን እጅ አስበላች እያልኩ። የአብነት ቤቶቻችን ፈርሰው ሁለታችንም ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። ከፊታችን ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ተንከባልላ እግሯ ሥር መጣች። አስካለ ጎንበስ ብላ አነሳቻት፣ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት፣ መልሳ ወረወረችላቸው።

"ጥሩ" አለችኝ፣ "ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያን ኳስ ያለሰለሰው ደምሴ እኮ ነው።"

"ምን አልሽ?"

"በኔ ቀልድ የተነሳ ነው፣ የኔ ጌታ። እኔ በዋዜማው ለቀልድ ያልኩትን እሱ እውነት አድርጎት፣ እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ። ስሙን ያን ያህል የሚወድ ሰው። ያፍራል ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም፤ እስኪሞት ድረስ ባጎርሰው ዕዳዬን የምከፍል ይመስለኝ ነበር።"

"እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ፣ አስካለ?"

"እንዴት አላውቅ? ከኔ በኋላ የነካው እሱ ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት እሱ ኪዳን ሄዶ ሳለ ዝናቡ ጣሪያውን አልፎ ኳሱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ከመደቡ አንስቼ፣ በነጠላዬ ወልውዬ፣ ሳጥኑ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አለችኝ። "ያን ጊዜ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር።"